ቀለበት፣ በሶና ደብተር፦ ጦርነት ጓዳ ሲገባ

(አዳማ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎችም ጥቂቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ሙቀት አዳራሹን ሞልታችሁ መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አዘጋጆቹ «ስለ ጦርነት ንገረን» ሲሉኝ፣ ስለ መድፍና ስለ ታንክ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው። ስለ ጓዳ ከሆነ ግን እመጣለሁ። እሺ አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ጦር ሜዳ ስላልሄደው ሰው ነው። ቤቱ ተቀምጦ ስለዘመተው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ የማትስማሙ ካላችሁ ጥያቄያችሁን አዘጋጁ። ብዙ ጊዜ «ሕዝቡ በፕሮፓጋንዳ አመነና ያለውን ሰጠ» ሲባል እንሰማለን። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። ሰው መጀመሪያ ይሰጣል፤ ከዚያ ያምናል። ብልህ መንግሥት ይህን አሳምሮ ያውቃል። እመነኝ ብሎ አይጀምርም። «እስቲ ትንሽ ነገር አዋጣ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

እኛኑ ከሚነካን ልጀምር። ቀኑ ታኅሣሥ 8፣ 1928 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 18፣ 1935። ቦታው ሮም። ከሦስት ቀን በፊት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጣሊያንን ገጥሟል። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥሏል። ማዕቀቡ ነዳጅን ስላልነካ ጥርስ የሌለው ነበር። ለሙሶሊኒ ግን ሲሳይ ሆነለት። ዓለም ሁሉ አደመብን የሚልበት አፍ አገኘ።

የዚያን ቀን ንግሥት ኤሌና መሀል ሮም ወዳለው ወደማይታወቀው ወታደር መቃብር ሄደች። የራሷንና የንጉሡን የጋብቻ ቀለበት ሰጠች። ከኋላዋ የከተማው ሴቶች ተሰልፈዋል። ባለፈው ጦርነት ባላቸውን ያጡ፣ ልጃቸውን የቀበሩ እናቶች አሉበት። እያንዳንዷ ቀለበቷን ከጣቷ እያወለቀች ትጥላለች። በምትኩ የብረት ቀለበት ይሰጣታል። በሮም ብቻ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ቀለበት ተሰበሰበ ተብሏል። በሌሎቹ ከተሞችም እንዲሁ ሆነ። ደራሲው ፒራንዴሎ እንኳ ከአንድ ዓመት በፊት የተሸለመውን የኖቤል ሜዳሊያ ሰጠ።

እስቲ ከሴቲቱ ጋር ወደ ቤቷ እንሂድ። ዕቃ ስታጥብ ያ የብረት ቀለበት ጣቷ ላይ አለ። ሊጥ ስታቦካ አለ። ጎረቤቷ ቡና ስትጠራት ጣቷን ታያለች፤ እሷም የጎረቤቷን ታያለች። ባዶ ጣት ያላት ወይም ወርቋን ያላወለቀች ሴት እዚያ መሀል ምን ትላለች? የጦርነት ወጪ መቼም በቀለበት አይሸፈንም። ሙሶሊኒም ይህን አያጣውም። ትልቁ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው። ትናንት «ልጄ ሐበሻ አገር ምን ሊሠራ ነው የሚሄደው?» ብላ ልትጠይቅ የምትችል ሴት ዛሬ ባለ አክሲዮን ሆነች። ጦርነቱ ዘረፋ ከሆነ ቀለበቷን የሰጠችው ለዘራፊ ነው ማለት ነው። በገዛ ቀለበቱ ላይ እንዲህ ብሎ መፍረድ የሚፈልግ ማነው?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ቀለበቱ በተሰበሰበ በቀናት ውስጥ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ጋዜጦቻቸው አልጻፉትም። እዚህ ላይ «ሕዝቡ አልተነገረውም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ችግሩ፣ ጦርነቱ ካበቃ፣ ሙሶሊኒም ከተገደለ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ብዙ ጣሊያናዊ አልቀበል ማለቱ ነው። ኢንድሮ ሞንታኔሊ የሚባል ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነበር። በወጣትነቱ እዚህ አገር የዘመተ መኮንን ነው። ጋዝ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እኔ እዚያው ነበርኩ እያለ ለዓመታት ተሟገተ። ሰነድ ቆፍሮ ያወጣው የታሪክ ጸሐፊ አንጀሎ ዴል ቦካ ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሞንታኔሊም ያኔ ይቅርታ ጠየቀ። ስልሳ ዓመት! ስልሳ ዓመት ሙሉ የከለከለው ሳንሱር አልነበረም። ሰዎቹ ራሳቸው መስማት አልፈለጉም።

ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ሌላውን ብቻ ማማት ደግ አይደለም። የአጼ ምኒልክን የመስከረም 1888 ክተት አዋጅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት የሚያዘው ማለቴ ነው። እኔ ከአዋጁ ሁሉ የምወደው ጉልበት ስለሌለው ሰው የተነገረውን ነው። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይርዳኝ አሉ። የሌለው ደግሞ ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሃይማኖቱ ሲል በሐዘን ይርዳኝ አሉ። ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ አካሉ የጎደለው፣ አንድም ሰው ሥራ ፈት አልቀረም። ለማልቀስም ቢሆን ተመዘገበ። ወስልቶ የሚቀረውን ግን አልተውህም አሉት፣ በማርያም ምለው። ልመናውና ዛቻው በአንድ አዋጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነጋሪት ጎሳሚው ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያነበው።

በ1927 ክረምት ጣሊያን ሊመጣ ሲያኮበክብ ደግሞ መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ሐምሌ ላይ ነው። ምኒልክ አደባባይ እየተሰበሰበ ንግግር፣ ዘፈን፣ ሽለላ ይሰማ ጀመር። ዛሬ ቲያትር ቤት ብለን የምናውቀው ሀገር ፍቅር የተወለደው እንዲህ ነው። ሕዝብን ለጦርነት ለማነቃቃት። ኪነ ጥበባችን ከጦርነት ጋር ያላት ዝምድና ሩቅ አይደለም። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል፤ ልለፈው።

አሁን ወደዚሁ ከተማ። 1969 ዓ.ም.። ያኔ ናዝሬት እንለዋለን። ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ኃይለማርያም የእናት አገር ጥሪ አሰሙ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገበሬው በመቶ ሺዎች እየገባ ይሠለጥን ጀመር። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ገባ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» ተባለ። ወደ ሐረርጌ የሚሄደው መንገድም፣ ሐዲዱም በዚህ ከተማ ያልፋል። ሐዲዱ ወደ ምሥራቅ ሲል ተቆርጦ ነበርና መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናነቀ።

እናቴ ያኔ ልጅ እግር ባለትዳር ነበረች። የነገረችኝን ልንገራችሁ። ጠዋት ሴቶቹ ቀበሌ ግቢ ይሰበሰባሉ። ገብስ በኩንታል ይመጣል። አንዷ ትለቅማለች፣ አንዷ ትቆላለች፣ አንዷ ትሸከሽካለች። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። የተቆላው ወፍጮ ቤት ይሄድና በሶ ሆኖ ይመለሳል። ማዶ ደግሞ ዳቦ ቆሎ ይቆረጣል። እንጀራው ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ለድርቆሽ ይሰጣል። የናዝሬት ፀሐይ መቼስ ለድርቆሽ የተፈጠረች ናት። ጠዋት የተሰጣው ከሰዓት ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ሴቶቹ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዷ ወንድሟን አስባ ታለቅሳለች። በር ላይ ግን ከቀበሌ የመጣች ሴት ደብተር ይዛ ቆማለች። የመጣችው ምልክት ይደረግላታል። ያልመጣችው ይጠየቃል።

እናቴ ስለ ፖለቲካ ግድ የሚላት ሴት አልነበረችም። ደርግንም አትወደውም። በዚያው በ69 እና በ70 የቀይ ሽብሩ ሬሳ መንገድ ላይ ሲውል ዓይታለች። ጅጅጋ ነፃ በወጣች ጊዜ ግን፣ የካቲት 26 ቀን 1970፣ ካራማራ የሚለው ስም በራዲዮ ሲጠራ፣ «የኛ በሶ እኮ ነው ያስመለሰው!» አለች። እስክታረጅ ድረስ እንዲሁ ትላለች። የኩባ ወታደር ብትሏት፣ የሶቪየት ታንክ ብትሏት አትሰማችሁም። በሶው ነው። እኔም አልከራከራትም ነበር። ከእሷ ጋር መከራከር እንዲህ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አያችሁ፣ መንግሥትን ሳትወድ ጦርነቱን ወደደችው። ሦስት ሰዓት ተኩል ዲስኩር ያላደረገውን አንድ ምጣድ ገብስ አደረገው።

ያች ደብተር የያዘችው ሴትዮ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ሌላው ዓለምም የጠመደው ይህንኑ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1940 አሥር አሥር ያህል ቤተሰብ አቧደነች። ቶናሪጉሚ ይባላል፤ የጎረቤት ማኅበር እንበለው። ራሽኑ የሚመጣው በዚህ ማኅበር በኩል ነው። የቦንድ ሽያጩም፣ የእሳት መከላከል ልምምዱም፣ ዘማች ሽኝቱም በዚሁ ነው። ከማኅበሩ የቀረ ሰው ከሩዙ ሊቀር ነው። ፖሊስ ደጃፍህ ላይ ማቆም አያስፈልግም። እዚያ ማዶ ያለችው ጎረቤትህ ትበቃለች። ጃፓን ውስጥ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው አላፊ አግዳሚዋን ሴት ሁሉ አንዳንድ ስፌት ያስወጉ ነበር። ሺህ ስፌት ሲሞላ መቀነት ይሆንና ለዘማች ይሰጣል። ጥይት ይመልሳል ተብሎ። ሺህ ሴት በአንድ መቀነት ላይ ባለ ድርሻ ሆነች ማለት ነው። የብረት ቀለበቱ ወንድም ይህ ነው።

የእኛ ቀበሌ የተቋቋመው በ1967 ነው፤ ለጦርነት አልነበረም፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ለማስተዳደር ነው። ጦርነት ሲመጣ ግን ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። ስኳሩ በዚያ በኩል። ዘይቱ በዚያ በኩል። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በወረፋ! ሚሊሻውም በዚያ በኩል። አብዮት ጥበቃውም፣ እስር ቤቱም በዚያ በኩል። ስኳር የሚያድለው መዝገብ ማን ቤት ስንት ወጣት እንዳለም ያውቃል። አንድ ደብተር ሁለት ሥራ ሲሠራ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስንቅ ያዘጋጀችው እናት ስም የተጻፈበት እጅ፣ ማታ የልጇን ስም ሊጽፍ ይችላል።

ፖስተርና ሬዲዮስ አትሉኝም? ከንቱ ናቸው እያልኩ አይደለም። ብቻቸውን ግን ብዙ ጊዜ ይሰናከላሉ። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ትልቅ ፖስተር አወጣ። «ያንተ ጀግንነት፣ ያንተ ፈገግታ፣ ያንተ ቆራጥነት ለእኛ ድልን ያመጣልናል» የሚል። ሰዉ አንብቦ ገባው። መከራው ያንተ፣ ድሉ የኛ! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ተሳለቀበት። በዚያው ሰሞን «ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚል ሌላ ፖስተር ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል አትመው ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ እንለጥፈዋለን ብለው አስቀመጡት። ሳይለጠፍ አብዛኛው ተመልሶ ወረቀት ለመሥራት ተቦካ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ አንድ ቅጂ ተገኘና ዛሬ ዓለም ሁሉ ኩባያና ቲሸርት ላይ ያትመዋል። እዚሁ አዳማ ሰልባጅ ተራ አይቼዋለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ለማንም ያልጠቀመ ፖስተር በሰላሙ ጊዜ ነጋዴ አከበረ።

እንግሊዞቹ ታዲያ ከፖስተሩ በኋላ ትምህርት አገኙ። ሰው ምን እንደሚል በየቀኑ የሚያዳምጥ ክፍል አቋቋሙ። ወረፋ ላይ፣ መጠጥ ቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ የሚባለውን እየለቀመ ሪፖርት የሚጽፍ። ጋዜጦቹ «ሰላዮች» ብለው አበሻቀጧቸው። ሥራው ግን ቀጠለ። ከሁሉ የሠራላቸው ደግሞ ራሽኑ ነው። ጃንዋሪ 1940 ላይ ቤከን የሚባለው የአሳማ ሥጋ፣ ቅቤና ስኳር በኩፖን ሆነ። የንጉሡ ቤተሰብም ኩፖን ያዘ። ድሃው «ጌታውም እንደኔ ነው» ሲል የሚያገኘው እርካታ ቀላል አይደለም። ያው ጥቁር ገበያ ነበር፤ የትም አይጠፋም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የአውሮፕላን ማምረቻ ሚኒስትሩ ሎርድ ቢቨርብሩክ «የአሉሚኒየም ድስታችሁን ስጡን፣ ስፒትፋየር እናደርገዋለን» ብለው ሴቶቹን ጠየቁ። ድስቱ ተራራ አከለ። ስንቱ አውሮፕላን ሆነ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ሴትዮዋ ግን ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባየች ቁጥር «የኔ ድስት!» ማለቷ አይቀርም። እናቴን አስታወሰኝ።

አሜሪካኖቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዲስኩሩን ራሱ በጎረቤት በኩል አደረጉት። ጆርጅ ክሪል የሚባል ጋዜጠኛ የሚመራው ኮሚቴ 75 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኛ ተናጋሪ አሰማራ። ሲኒማ ቤት የፊልሙ ጥቅል እስኪቀየር አራት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያች አራት ደቂቃ የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም ወይም ነጋዴ ተነስቶ ይናገራል። ከአራት ደቂቃ በላይ ክልክል! የኛን የቀበሌ ስብሰባ የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደሚቀና አውቃለሁ።

ማዋጣት አስማት ነው ስል ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሰጪው «ራሴ ሰጠሁ» ማለት መቻል አለበት። ግማሽ ግፊት ቢኖርበትም እንኳ፣ እንደ እናቴ ደብተር። ሙሉ በሙሉ ሲነጠቅ ግን አስማቱ ይፈርሳል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ሁሉ። ለቀበሌው ኮታ ይወርዳል፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አፈሳ ያመለጣችሁ እንዳላችሁ ከፀጉራችሁ ሽበት እገምታለሁ። (ሳቅ።) ልጁን ቆጥ ላይ የደበቀ፣ አልጋ ሥር ያስተኛ፣ ገጠር ዘመድ ቤት የላከ ስንቱ ነው? በ69 በሶ የቆላችው እናት በ78 ልጇን ደበቀች። እሷ አልተለወጠችም። የጥሪው ሁኔታ ነው የተለወጠው። በ69 ሊወር የመጣ ጦር ዓይኗ እያየ ነበር፤ እጇም የሠራው ሥራ ነበር። በ78 ጦርነቱ በገዛ አገሯ ሰዎች ላይ ነው፣ ማለቂያውም አይታይም፣ ልጇን የሚወስደውም አፋሽ ነው። በዚህ ጊዜ ሬዲዮው የፈለገውን ቢል የሚሰማው የለም። ሰው ሬዲዮውን የሚከፍተው ማታ ማታ የውጭ ጣቢያ ለማዳመጥ ሆነ፤ እሱንም ድምፁን ቀንሶ።

ናዚዎች ይህን ፈርተው ነው መሰለኝ እ.ኤ.አ. በ1933 ርካሽ የሕዝብ ሬዲዮ በ76 ማርክ ለሁሉም ቤት አቀረቡ፤ ጦርነቱ በጀመረ ዕለት ደግሞ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥን ወንጀል አደረጉ። ሶቪየቶች ይባስ ብለው እ.ኤ.አ. በ1941 ሬዲዮኑን ከየቤቱ ሰበሰቡና ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚያሰማውን ድምፅ ማጉያ ተዉለት።

ውሸትም ቢሆን ቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር ሲኖረው ይጣፍጣል። ጆን ካኒንግሃም የሚባል የእንግሊዝ አብራሪ በሌሊት የጀርመን አውሮፕላን እያነጣጠረ ይጥል ነበር። ምስጢሩ አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ራዳር ነው። ለጋዜጣ የተነገረው ግን ካሮት ስለሚበላ ዓይኑ ጠርቷል የሚል ነው። ካሮት ደግሞ እንደ ልብ ነበር። ከተማው በመብራት ማጥፋት ጨለማ ውጦታልና እናቶች ለልጆቻቸው ካሮት ያበሉ ጀመር። ጀርመኖቹ መታለላቸውን እጠራጠራለሁ። እናቶቹ ግን ዛሬም፣ እዚህ አገር ጭምር፣ «ካሮት ብላ ዓይንህ ይጠራል» ይላሉ።

ዝም ማሰኘቱንስ? አጭር ምሳሌ ይበቃኛል። ዩጂን ዴብስ የሚባል የአሜሪካ ሶሻሊስት እ.ኤ.አ. በ1918 ኦሃዮ ውስጥ ጦርነቱን ተቃውሞ ስለተናገረ አሥር ዓመት ተፈረደበት። በ1920 እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዝዳንትነት ተወዳደረና ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። አሥር ዓመቱን ሳይጨርስ ተፈታ። እኛ አገር በ69 ያሰበውን የተናገረ ሰው አሥር ዓመት ቢፈረድበት ዕድለኛ ነበር።

ስለ ቅርቡ ጦርነት እንድናገር የምትጠብቁ አላችሁ። ቁስሉ ስላልሻረ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ። በ2014 ኅዳር መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተባለ። ማጭድ የያዘ ልጅ ፎቶ ስልኬ ላይ ሲመጣ ወዲያው ያቺ የሮም ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ዘመኑ ግን አንድ ነገር ጨምሯል። ማጭድም ቀለበትም አያስፈልግም፤ የፕሮፋይል ፎቶ መቀየር ይበቃል። በነፃ የሚገኝ የብረት ቀለበት ነው። አንዴ ከለጠፍከው በኋላ በወንድምህ ላይ የተፈጸመ ግፍ ዜና ሲመጣ «የውሸት ነው» ለማለት የመጀመሪያው አንተ ነህ። በየትኛውም ወገን ሁኑ፣ ያኔ ምን ለጥፋችሁ እንደነበር ወደ ኋላ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ጦርነት ሲያልቅ ደግሞ የተዘረጋው ሁሉ አይጠቀለልም። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራተኛው ጥይት ፋብሪካ ሰክሮ እንዳይገባ መጠጥ ቤቶች ከሰዓት በኋላ እንዲዘጉ አደረገች። ያ ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1988 ቆየ። ሰባ ዓመት ጠጪው ከቀትር በኋላ ሲባረር ኖረ! የሰዓት ማዞሩም በ1916 ለጦርነቱ የመጣ ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ ሁለቴ ያዞራሉ። የኛም ቀበሌ አለ። መታወቂያ ለማውጣት ስትሄዱ ወረፋውን የምታውቁት ነው።

ሻይ ከጠጣን በኋላ ጥያቄ ተነሳ።

አንድ አባት ተነስተው «መምህር፣ እንዲህ እያልክ አገር ሲወረር ማን ይነሳ? የአድዋው ሰውም ተታሎ ነው ልትለን ነው?» አሉኝ። አባቴ፣ አላልኩም። ሶማሊያ በ69 በእርግጥ ወርራናለች፤ ጣሊያንም በ1888 እንዲሁ። የሚያስቸግረው ዘዴው አንድ መሆኑ ነው። ለተወረረውም ለወራሪውም ይሠራል። የሮሟ ሴት ቀለበቷን ስትሰጥ የተሰማት ስሜት እናቴ በሶ ስትቆላ ከተሰማት ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ስለዚህ ስሜቱን አይቶ ጦርነቱን መለየት አይቻልም። «ሕዝቡ እንዴት እንደተመመ አያችሁ!» ማለት ስለ ጦርነቱ ትክክለኛነት የሚነግረን ነገር የለም። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተስማሙ ግን አልመሰለኝም። ከመቀመጣቸው በፊት «ታጠቅ ገብቼ ሠልጥኛለሁ» አሉ። «የሰጡንን በሶ በልቻለሁ። አሸዋ ነበረበት።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ እዚያው ይጣሉ ነበር።

አንዲት ወጣት ደግሞ «የሰጡት ሰዎችስ ምን አገኙ?» አለች። የቀኑ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር። ያዋጣ ሰው ባለ ዕዳ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጠያቂም ይሆናል። የእንግሊዝ ሕዝብ ጦርነቱን ከመራው ከቸርችል ጋር አሸነፈ። ጀርመን እጅ በሰጠች በሦስት ወር ውስጥ በጁላይ 1945 ምርጫ ቸርችልን ከሥልጣን አወረደው። ክፉ ሰው ነው ብሎ አይደለም። ድስታችንን ወስደሃል፣ ልጆቻችንን ወስደሃል፣ አሁን ደግሞ ቤትና ሐኪም አምጣ ማለቱ ነው። በጦርነቱ መሀል፣ በ1942 መጨረሻ፣ ቤቨሪጅ የሚባሉ ሰው ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የጻፉትን ደረቅ የመንግሥት ሪፖርት ሕዝቡ ተሰልፎ ገዝቶት ነበር። በ1948 ነፃ ሕክምና መጣ። ራሽኑ ግን እስከ 1954 ቀጠለ፤ እንዲያውም በጦርነቱ ጊዜ ያልተገደበው ዳቦ በ1946 በኩፖን ሆነ። ሁሉም ነገር አልጣፈጠም። ሒሳቡን የሚጠይቁበት የምርጫ ሣጥን ግን ነበራቸው።

እኛ ጋ ግንቦት 1983 ላይ ያ ሁሉ ጦር ተበተነ። በ69 በሰልፍ፣ በዘፈን የተሸኘ ሚሊሻ አለበት፤ ከትምህርት ቤት በር የታፈሰ ልጅም አለበት። የደንብ ልብሱን ሳይቀይር የሚለምን ወታደር በየከተማው አየን። ልጅ ነበርኩ፤ እዚሁ አውቶቡስ ተራ ላይ አይቻቸዋለሁ። ሰው አንዳንዱ ሳንቲም ይጥላል፣ አንዳንዱ «የደርግ ወታደር» ብሎ ያልፋል። ስንቁን ያዘጋጁት ሴቶችም ልጆቻቸውን ፍለጋ ስም ዝርዝር ይጠይቁ ጀመር። ሲመዘግባቸው የኖረው ደብተር ያኔ የት እንደገባ የነገራቸው ሰው የለም። ልጅቷ «ታዲያ ማንን እንጠይቅ?» አለችኝ። በ83 የሚጠየቀው መንግሥት ራሱ ሸሽቶ ዚምባብዌ ነበር አልኳት። ሰዓታችን ስላለቀ ጥያቄውን እዚያው ላይ አቆምነው።